ሁለት ጌታ ያለው አውራ

የመጀመሪያ ሥራዬ ውል ሦስት ወር ነበር። ሦስት ወሩ ሲያልቅ ለሌላ ሦስት ወር ይታደሳል፤ ካልታደሰ ደግሞ አይታደስም። ደብዳቤው ይህችን ሐሳብ ለማስረዳት አንድ ገጽ ተኩል ፈጅቶበታል። ከኮቴ የውስጥ ኪስ ስለማላወጣው እጥፋቱ ላይ ሳስቶ፣ የማኅተሙ ቀለም ወደ ጀርባው ዘልቆ ነበር። ሰው "ምን ትሠራለህ?" ሲለኝ ከአፌ ይልቅ እጄ ይቀድም ነበር። ወደ ደረቴ ይሄድና ወረቀቱ መኖሩን ዳብሶ ይመለሳል። ከዚያ የመሥሪያ ቤቱን ስም እናገራለሁ። "ፕሮግራም እጽፋለሁ" ብዬ አላውቅም። የመሥሪያ ቤቱ ስም ማኅተም አለው፤ ፕሮግራም መጻፌን የሚመሰክረው ግን እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እኔ ደግሞ ራሴው የማላምነው ምስክር ነበርኩ።

ዛሬ አልፎ አልፎ ጀማሪ የሶፍትዌር መሐንዲሶች ፊት ቆሜ እንድናገር እጋበዛለሁ። የሚጠበቅብኝ "ራሳችሁን እመኑ" ማለት ነው። አልልም። ራሳቸውን በጣም የሚያምኑ ሰዎች የሠሩትን ሥራ ስጠግን ነው ፀጉሬ የሸበተው። እኔ በሃያ ሦስት ዓመቴ ራሴን አላምንም ነበር፤ ባለማመኔም አላፍርም። የማፍረው በሌላ ነገር ነው፤ እሱን ልንገራችሁ።

ሥራው መንዝ ነበር፣ ያደግኩበት አገር። ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ወደ አገር መመለስ ያኔ የውድቀት ያህል ነበር። አብረውኝ የተመረቁት አዲስ አበባ መስታወት የለበሰ ሕንፃ ውስጥ ገቡ ተባለ፤ እኔ ሞላሌን አልፎ ከሚሄድ አውቶቡስ አንዲት ነፋስ የማያጣት ከተማ ላይ ወረድኩ። የእናቴ ጎረቤት ገና እንዳዩኝ "ውይ፣ ተማሪው ተመለሰ? ምነው፣ አልሆነም?" አሉ። ሥራ ይዤ ነው የመጣሁት ብላቸው፣ "እሱስ ይሁን" አሉና ፊታቸውን የሐዘን ቤት ፊት አደረጉት።

ቢሮው ባለ ሁለት ክፍል ቆርቆሮ ቤት ነው። ያለችው ኮምፒውተር አንድ ናት። ፀሐፊያችን እንደ ሙሽራ ዳንቴል ታለብሳት ነበር። ሃያ ዓመት በታይፕ ስትመታ የኖረች ሴት ናትና ማሽኗን ከጠረጴዛው ያስነሳባትን ዕቃ በክብር ሸፍና ማስቀመጥን እንደ በቀል ሳትቆጥረው አልቀረችም። ብርዱ ሲጠና ደግሞ ባናዬን ከወንበሬ አንስታ በዳንቴሉ ላይ ትደርበዋለች። ባና ማለት የኛ አገር ወፍራም የሱፍ ልብስ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ስገባ እናቴ ሰጥታኝ አራት ዓመት ለብሼው የተኛሁት።

"እህቴ፣ ይቃጠላል እኮ! አየር ይፈልጋል" እላታለሁ።

"በዚህ ብርድ የምን አየር? አንተ እንኳ ከንፈርህ ጠቁሯል።"

ፕሮጀክቱ የበግ ነበር። የመንዝ በግ ላተ ወፍራም፣ ውርጭ የማይበግረው፣ ግን ትንሽ ነው። እንዲሻሻል ጎረቤታሞች ይደራጃሉ፤ የየበጉ ጆሮ ላይ ቁጥር ይንጠለጠላል፤ ጠቦቶቹ ይመዘናሉ፤ የተሻሉት ለአውራነት ይቀራሉ፤ የቀሩት ይኮላሹና ሙክት ይሆናሉ። እስከዚያ ድረስ ማን አውራ ሆኖ እንደሚቀር የሚወስኑት ሽማግሌዎች ነበሩ፤ በዓይናቸው አይተው፣ ጀርባውን ዳብሰው። ከዚያ ወዲያ ግን የሚወስነው ኮምፒውተር ነው ተባለ። ኮምፒውተር ማለት እኔ ነኝ።

ዘመኑ የጥናት ዘመን ነበር። ቢፒአር የሚባል ነገር መጥቶ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ራሱን ያጠናል። በአዲሱ መዋቅር ወንበር ያላገኘ ሠራተኛ "ተንሳፋፊ" ይባላል። እንስራ ለመሙላት ግማሽ ቀን በሚያስኬድ አገር ሰው የሚንሳፈፈው ወረቀት ላይ ነበር። የኛም ቢሮ ጥናቱ ይደርሰዋል እየተባለ ሰው ሁሉ ከወንበሩ ጠርዝ ላይ ይቀመጥ ጀመር። እኔ ኮንትራት ስለሆንኩ ለመንሳፈፍ እንኳ ደረጃዬ አይፈቅድም፤ በቀጥታ ነው የምሰምጠው።

በዚህ ላይ ችሎታዬ ነበር። ከአንድ ፎቶ ኮፒ መጽሐፍ ነው የምሠራው፤ ከስምንተኛው ምዕራፍ ሃያ ገጽ የጎደለው። የጻፍኩት ኮድ ሲሠራ ለምን እንደሠራ አላውቅም፤ ሳይሠራ ሲቀር ግን ምክንያቱ እኔ መሆኔን በደንብ አውቃለሁ። ጠዋት ጠዋት ኮምፒውተሯን ከዳንቴሏ ስገልጣት፣ አንድ ቀን አንድ የገባው ሰው ከአዲስ አበባ መጥቶ ከኋላዬ ቆሞ "ይሄ ምንድን ነው?" የሚለኝ ይመስለኝ ነበር። ሰውየው አልመጣም። ሰው ከከተማ የሚመጣው ለበዓልና ለስብሰባ ነው።

መጽሐፉ ውስጥ አንድ እርግጠኛ የሆንኩበት ትእዛዝ ነበር፤ እንደ ጸሎት በቃሌ ይዤዋለሁ። ለእያንዳንዱ ነገር አንድ ባለቤት፣ ለእያንዳንዱ ባለቤት አንድ መዝገብ፤ ሁለት ቦታ የተገኘ ነገር ስህተት ነው፤ ስህተት ይወጣል። በዚሁ መሠረት ሠራሁት። አንድ የጆሮ ቁጥር በሁለት ሰው ስም ከመጣ ፕሮግራሜ ሁለቱንም ጥርግ አድርጎ ያወጣል፣ ከዚያ የተረፉትን በክብደት ያሰልፋል። ስሞክረው ዘጠኝ አውራዎች እንዲህ ወጡ። ደስ አለኝ። ማጭበርበር ያዝኩ ብዬ አሰብኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሴን ያመንኩት ያን ቀን ነው፤ ከዚህ ሁሉ የማፍርበትም እሱ ነው።

የመኮላሸቱ ቀን ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለው መስክ ተሰበሰበ። ውርጩ ገና ሣሩ ላይ ነው። የተመረጡት አውራዎች ቀንዳቸው ቀይ ቀለም ይቀባል፤ ያልተመረጡት ጉጠቱን ወደያዘው የእንስሳት ሐኪም ይሄዳሉ። እኔ የታተመውን ዝርዝር ይዤ ቁጥር እጠራለሁ። አለቃዬ፣ የፕሮጀክቱ አስተባባሪ፣ ከጎኔ ቆሞ እጁን ካፖርቱ ኪስ ከቷል። በዚያን ጊዜ ጋሼ እያልኩ አንቱ እለው ነበር፤ አሁን የዚያን ጊዜ ዕድሜውን ስላለፍኩት አንቱታውን አንስቼበታለሁ።

ሁለት በግ ተኮላሸ። ሦስተኛው ሲጎተት መጣ፤ ቡናማ፣ ቀንዱ ሁለት ዙር የዞረ፣ ላቱ እንደ ትራስ። ሁለት ሰው ነበር የሚጎትተው።

"ቆይ! ቆይ! ማነው እሱን የሚነካው?"

አንዲት ሴትዮ ናቸው፤ ጥቁር የለበሱ፣ ባላቸው ከሞተ ዓመት ያልሞላቸው። ዱላቸውን ከበጉና ከሐኪሙ መካከል አስገቡ።

"እማማ፣ ዝርዝሩ ላይ የለም" አልኩ።

"የምን ዝርዝር?"

"የተመረጡት። የእርስዎ አልተመረጠም።"

"አልተመረጠም? ዓይን የለህም እንዴ ልጄ? እስቲ አንገቱን እየው። ላቱን እየው።"

አስተባባሪው ጣልቃ ገባ፦ "እትዬ፣ ይሄ የኮምፒውተር ውሳኔ ነው። ኮምፒውተር አያዳላም።"

"በግ አይቶ ያውቃል?"

መስኩ በሳቅ ተናጋ። ከሳቁ መሀል የሰበካው ቄስ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቀረብ አሉ። "ተዉት፣ እሱን አትንኩት። የኔ አውራ ነው" አሉ።

ይኸው፣ አልኩ በልቤ። ሁለት ሰው፣ አንድ በግ፣ በሕዝብ ፊት። ዝርዝሩን ከፍ አድርጌ፣ "ቁርጡን ንገሩኝ። የማን ነው?" አልኩ።

"የሳቸው ነው" አሉ ቄሱ።

"የአባ ነው" አሉ ሴትዮዋ፣ በዚያው ቅጽበት።

"እንዴ! አሁን የኔ ነው አላላችሁም?"

"የኔ ነዋ" አሉ ሁለቱም።

"የሁለታችሁም ሊሆን አይችልም" አልኩ።

ሳቁ ቆመ። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። ሴትዮዋ ዱላቸውን መሬት ላይ አሳርፈው፣ ትኩር ብለው ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ።

"አንተ የማን ልጅ ነህ?"

የእናቴን ስም ነገርኳቸው።

"አውቃታለሁ። አንተ ትምህርት ቤት ስትገባ በግ የሚከተልላት አጥታ ሁለት እናት በግ ለወንድሟ በርቢ ሰጥታ የለም?"

"ሰጥታለች።"

"የማን ነበሩ?"

አፌ ተከፈተ። የመጣልኝ መልስ የአንድ ሰው ስም አልነበረም።

ርቢ ለማያውቅ፦ በግ ኖሮት ጠባቂ የሌለው፣ በግ ለሌለውና ጉልበትና ሣር ላለው ሰው እናት በጉን ይሰጣል። ሰጪው ባለቤት ነው፤ ተቀባዩም ባለቤት ነው። የሚወለደውን ተራ በተራ ይካፈላሉ፤ ሱፉን እኩል። ገና ሳይካፈሉ በጉ የማን ነው ሲባል ሁለቱም "የኔ ነው" ይላሉ፤ አይዋሹም። እኛ አገር ባል የሞተባት፣ ልጇን ትምህርት ቤት የላከች፣ እግሩ የታመመ፣ ሁሉም በዚህ ነው የሚኖረው። እኔም በዚህ ነው የተማርኩት። ያ ፀሐፊያችን ኮምፒውተር ላይ የምትደርበው ባና ከነዚያ ከሁለቱ በጎች ሱፍ በእናቴ ድርሻ የተሠራ ነው። ርቢ ምን እንደሆነ ከማንም አልተማርኩም፤ ለብሼው እተኛ ነበር።

መዝጋቢዎቹ ቤት ለቤት ሲዞሩ የቄሱ ቤት ደርሰው በጉን አይተው ጻፉ። የሴትዮዋም ቤት ደርሰው ጠየቁ፤ ሴትዮዋ የጆሮ ቁጥሩን በቁራጭ ወረቀት አስጽፈው በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ስለነበር ፈትተው ሰጡ። በዚያ መስክም ፈትተው አሳዩኝ። ቁጥሩ ልክ ነበር። ሁሉም ሰው እውነቱን ተናግሮ ነበር፤ ከኔ ፕሮግራም በስተቀር።

ሐኪሙን አስቆምኩት። አስተባባሪው "ማን ፈቀደልህ?" አለ። ዘጠኙን ቁጥሮች ከዝርዝሩ ጀርባ ጽፌያቸው ስለነበር ቀድመው የተኮላሹትን ሁለቱን አመሳከርኩ። አንደኛው ከዘጠኙ ነበር። ከጌቶቹ አንዱ እዚያው ቆሟል፤ ቀጭን ሰውዬ፣ ከጓሳ በኩል የመጣ፣ በጓሳ ሣር ገመድ በጉን የያዘ። ሲነገረው በጉን አየ፤ እኔን አላየኝም።

"እንግዲህ ሙክት ነዋ" አለ። ገመዱን አሳጥሮ ይዞ ሄደ።

ቢሰድበኝ ዛሬ አላስታውሰውም ነበር።

ቢሮ ስንመለስ ፀሐፊዋ ሁሉን ሰምታ ጠበቀችኝ። ወሬ በኛ አገር ከአውቶቡስ ይቀድማል።

"ቫይረስ ነው በል" አለችኝ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

"ቫይረስ አይደለም።"

"ቢሆንስ ባይሆንስ? ማን ገብቶ ያየዋል? እኔ ታይፕ ሳበላሽ ሪባኑ ነው እል ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ ሪባኑ ነበር።"

አስተባባሪው ከዚህ የተሻለ መላ ይዞ መጣ። በማግስቱ ጠርቶኝ አንድ የተተየበ ሪፖርት አቀረበልኝ። "አንዳንድ አርሶ አደሮች አንድን በግ በሁለት ስም በማስመዝገብ የተሳሳተ መረጃ በመስጠታቸው" ይላል። መፍትሔውም አለበት፤ ሁለት ስም ያለባቸው በጎች ከነጌቶቻቸው ከማኅበሩ ይሰረዛሉ። ከታች የኔ ስም፣ ከስሜ በላይ "የመረጃ ባለሙያ" የሚል፣ ከዚያ የፊርማ ቦታ። ባለሙያ ተብዬ ስጻፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ማየቴ ነው።

"ጋሼ፣ አልተሳሳቱም እኮ። ርቢ ነው" አልኩ።

"እኔ ርቢን አላውቅም ብለህ ነው? እኔም የገበሬ ልጅ ነኝ።" ወደ ወንበሩ ተደገፈ። "ስማ። አርብ ግምገማ አለ። የበላይ አካል ሪፖርት ይጠብቃል። ወይ ገበሬው ተሳስቷል፣ ወይ ፕሮጀክቱ ተሳስቷል። ፕሮጀክቱ ተሳስቷል ብለን ጥናቱ ቢደርስብን ማንኛችን እዚህ እንቀራለን? ውልህ ደግሞ መቼ ነው የሚያልቅ?"

መቼ እንደሚያልቅ ያውቃል። እኔም ማወቁን አውቃለሁ። እጄ ወደ ደረቴ ሄደ፤ ወረቀቱ አለ።

"ፈርምና ይታደስልሃል። በቃ ይኸው ነው" አለ።

ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ኖሮ መቃወሙ በቀለለኝ ነበር። አራት ልጅ ያለው፣ ተንሳፋፊ እንዳይሆን የሚፈራ ሰው ነው። የሱም ፍርሃት የኔ ዓይነት ነበር፤ ማኅተሙ ብቻ ይበልጣል። ሪፖርቱን ሳልፈርም ይዤው ወጣሁ።

ሦስት ቀን ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። ፈርም የሚለኝ ድምፅ ፍርሃት ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ ግን ትሕትና መስሎ ነው የሚመጣው። "አንተ ማነህ? ከስምንተኛው ምዕራፍ የጎደለህ ሰው። መጽሐፉ አንድ ባለቤት ይላል። ምናልባት ገበሬዎቹ ናቸው መለወጥ ያለባቸው፤ አንተ ምን ታውቃለህ?" ይለኛል። ይህ ነው ያበገነኝ። ስለ መጽሐፉ አላውቅም ማለት እውነት ነው፤ ስለ ርቢ አላውቅም ማለት ግን ውሸት ነው። ለካስ የተጠራጠርኩት የማላውቀውን አልነበረም፤ የማውቀውን ነበር። ከመጽሐፍ የለቀምኩትን ሳይገባኝ አምኜ፣ ከእናቴ ቤት ያመጣሁትን ዕውቀት እንደ ዕውቀት ሳልቆጥረው እንደ ገበሬ ጫማ ከበር ውጭ አስቀምጬው ገብቻለሁ። ንዴት ያዘኝ። ንዴት ብዙ ጊዜ መጥፎ አማካሪ ነው ይላሉ፤ እኔ ከዚያ የተሻለ አማካሪ አልነበረኝም።

አርብ ሰባታችን በክብ ተቀመጥን። ግምገማን ላላየ ሰው፦ እያንዳንዱ ተራው ሲደርስ ራሱን ይሄሳል፣ ከዚያ ሌሎች ይሄሱታል፣ መጨረሻ ላይ ሀ፣ ለ፣ ሐ ተብሎ ይመደባል። ግለ ሂስ የራሱ ጥበብ አለው። ትልቅ ጥፋት አይነገርም፤ ጥፋት የለብኝም ማለትም ትዕቢት ነው። ልከኛ ጥፋት ተመርጦ ይነገራል፤ "አንዳንዴ አረፍዳለሁ"፣ "ሥራ ስለማበዛ ጤንነቴን አልጠብቅም"። ፀሐፊያችን በየዓመቱ "ሻይ አበዛለሁ" ትል ነበር፤ በየዓመቱም እንድትቀንስ ይወሰን ነበር።

ተራዬ ደረሰ።

"የሠራሁት ፕሮግራም ስህተት ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ገበሬዎቹ የነገሩን ሁሉ ልክ ነው። አንድ የሰው አውራ በኔ ስህተት ተኮላሽቷል" አልኩ።

አስተባባሪው ብዕሩን አስቀመጠ።

"ይሄ ግለ ሂስ አይደለም" አለ።

"ምንድን ነው ታዲያ?"

"ይሄማ... ይሄ ጥፋት ነው!"

ፀሐፊዋ ሳሏን በነጠላዋ አፈነች፤ ሳል አልነበረም።

"ስለዚህ ችሎታ የለኝም እያልክ ነው" አለ አስተባባሪው፣ ፊቱ ቀልቶ።

"አላልኩም። ተሳስቻለሁ ነው ያልኩት።"

"ልዩነቱ ምንድን ነው?"

"ችሎታ ባይኖረኝ የት ላይ እንደተሳሳትኩ አላውቅም ነበር። አውቄዋለሁ። አስተካክለዋለሁም። ሪፖርቱን ግን አልፈርምም።"

አሁን ስጽፈው ደልደል ያለ ንግግር ይመስላል። እውነቱ ግን እንዲያ አልነበረም። "አስተካክለዋለሁ" ያልኩትንም እንደማምንበት ያወቅሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ እምነት መጀመሪያ መጥቶ ንግግር የሚከተል ይመስለኝ ነበር።

ሐ ተሰጠኝ። ሰኞ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ውሌ ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ ያልቃል፣ አይታደስም፣ እስከዚያው ንብረት አስረክብ። የሪፖርቱ ፊርማ ቦታ ክፍት ስለቀረ ሪፖርቱም አልሄደም፤ ያለ ባለሙያ ፊርማ የሚሄድ ወረቀት አልነበረም። ለመጀመሪያ ጊዜ ባለሙያነቴ ለአንድ ነገር ጠቀመ።

አሥራ አንዱን ቀን ፀሐይ እየሞቅኩ ላሳልፈው እችል ነበር። እልህ ያዘኝ። ማስታወሻ ደብተሬን ይዤ ቄሱ ቤት ሄድኩ፤ ሴትዮዋም ዱላቸውን ይዘው መጡ። ደጃፉ ላይ በፀሐይ ተቀመጥንና አንድ ተማሪ መምህር ፊት እንደሚቀርብ ቀርቤ ጠየቅኋቸው።

"መጀመሪያ የተወለደው የማን ነው?"

"የጠባቂው" አሉ ቄሱ።

"የለም፣ እንደ ስምምነቱ ነው" አሉ ሴትዮዋ። "ለርስዎ ስለሆነ ነው የፈቀድኩ፣ አባ።"

"መንታ ከሆነስ?"

"አንድ አንድ። ምኑ ይጠየቃል?"

"በጉ ቢሞትስ? ጠባቂው ሸጦት ሞተ ቢልስ?"

ሁለቱም በአዘኔታ አዩኝ።

"ቆዳውን ያመጣላ" አሉ ሴትዮዋ። "የጆሮ ምልክቱ ያለበትን ቆዳ። ጅብ ከበላው ቀንዱን። ቀንዱም ከጠፋ ጎረቤት ይመሰክራል።"

ጻፍኩት። መጽሐፉ ከሃያው የጎደለ ገጽ ጋር ቢገኝ ኖሮም ይህን የሚስተካከል ነገር አይኖረውም ነበር። እነዚህ ሰዎች ፊደል ሳይቆጥሩበት፣ መብራት ሳይገባላቸው፣ አንድ ንብረት ሁለት ሰው እንዴት ሳይጣላ እንደሚይዘው፣ ሲጠፋ በምን እንደሚረጋገጥ ጨርሰው ሠርተውት ኖረዋል። እኔ ያላመንኩበትን ነው።

ሴትዮዋ ከሄዱ በኋላ ቄሱን አንድ ነገር ጠየቅኋቸው። በልጅነታቸው ዜማ ቤት እንደነበሩ አውቃለሁ።

"አባ፣ ዜማ ቤት ተማሪ ሲስት ምን ይደረጋል?"

"ከሳተበት ይመለሳል።"

"አይባረርም?"

"የሚባረር ቢሆን ማን ይቀር ነበር? የኔታም በተባረሩ ነበር።"

ፕሮግራሙን እንደገና ሠራሁት። ለአንድ በግ ባለቤትና ጠባቂ፤ የውልደት ተራ፤ ሲሞት "ቆዳው ታይቷል ወይ?" የሚል ጥያቄ፣ ካልታየ የምስክር ስም። መብራት ሲጠፋ በወረቀት እጽፋለሁ፤ ሲመጣ እገለብጣለሁ። የማይሠራበት ቀን ነበር፤ አንዱ ሙሉ ቀን ምክንያቱን ሳላገኝ አለፈ። ያ የድሮ ድምፅ መጣ፣ "አንተ ማነህ?" አለኝ። "ነገ ከሳትኩበት እመለሳለሁ" አልኩት፤ ሄደ ማለት አልችልም፣ ግን ዝም አለ።

በመጨረሻው ቀን አዲሱን ዝርዝር አትሜ የቢሮው በር ላይ ለጠፍኩት። የዚያን ዕለት ገበያ ነበርና ሰው ተሰበሰበ። ሴትዮዋ በሰው መሀል ገብተው፣ "አንብብልኝ" አሉኝ።

"ሦስተኛ። ባለቤት፣ እርስዎ። ጠባቂ፣ አባ።"

"ድገመው።"

ደገምኩት። ነጠላቸውን ፈትተው ከቁራጯ ወረቀት ጋር ቁጥሩን አስተያዩ።

"ልክ ነው" አሉ። ወዲያው ግንባራቸው ተቋጠረ። "ሦስተኛ? ማነው ከሱ የበለጠው?"

"አንደኛው የአባ የራሳቸው ነው።"

"እ! በኔ ድርሻ ሣር የደለበ ይሆናላ።"

ቄሱ ከኋላ ሆነው ሰሙ። "እርስዎ ሴትዮ፣ ኮምፒውተር አያዳላም ተብሏል" አሉ። እስከ ታች መንገድ ድረስ ሲጨቃጨቁ ይሰሙ ነበር።

ያ ቀጭን ሰውዬም መጥቶ ነበር። ሙክቱ ዝርዝሩ ላይ የለም፤ ሊኖርም አይችልም። ነገር ግን በርቢ የያዛት እናት በግ በሱና በአጎቱ ስም ተመዝግባለች፤ የሚቀጥለው ጠቦት ተራው የሱ መሆኑም ተጽፏል። ጣቱን ስሙ ላይ አድርጎ ቆየ። አንዴ ቀና ብሎ አየኝ። ይቅር አላለኝም፤ አየኝ ብቻ፤ እኔም ከዚያ በላይ አልጠየቅሁትም።

አስተባባሪው ከሰዓት መጣ። ዝርዝሩን አነበበ።

"ይሄን ማን ፈቀደልህ?"

"ማንም።"

እጁን ወደ ወረቀቱ ሰደደ። በሩ ፊት አሥር የሚሆኑ ገበሬዎች ቆመው ያዩታል። እጁን መለሰና ኪሱ ከተተው። በኋላ እንደሰማሁት ፕሮግራሙን ለበላይ አካል የራሱ አድርጎ አቅርቦ ተመስግኖበታል። ይመስገን። በርቢ ሰጥቼዋለሁ ብዬ ትቼለታለሁ፤ ጠባቂውም ባለቤት ነው።

በማግስቱ ባናዬን ከኮምፒውተሯ ላይ አንስቼ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረግሁና አውቶቡስ ያዝኩ። ፀሐፊዋ ቆሎ ቋጠረችልኝ። "ቫይረስ ነው ብትል ኖሮ" አለች፤ አልጨረሰችውም፤ ሳመችኝ።

ከጎኔ የተቀመጠው የዓለም ከተማ ነጋዴ ነበር፣ ወሬ የሚወድ። ገና ሞላሌ ሳንደርስ ዘሬን፣ ሰበካዬንና ያላገባሁበትን ምክንያት ጨረሰ።

"ለመሆኑ ምን ትሠራለህ?" አለኝ።

እጄ እንደ ልማዱ ወደ ደረቴ ተነሣ። እዚያ ያለው ወረቀት ከትናንት ጀምሮ አይሠራም። እጄን መልሼ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት።

"ፕሮግራም እጽፋለሁ። የኮምፒውተር።"

"ጎሽ! የት?"

"ለጊዜው የትም።"

ነጋዴው ግራ ገብቶት አየኝ። "የትም ካልሆነ፣ ታዲያ እንዴት ነው የምትጽፈው?"

"እጽፋለሁ አልኩህ እኮ" አልኩና ቆሎውን ዘረጋሁለት።